የአሜሪካ ሬዚደንሲ ኢንተርቪው፦ ስንቱን ልግባ፣ ስንቱን ልተው? የድሬና የሐረር ሐኪሞች ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥቅምት ሲጠባ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል። ድል ጮራ፣ ሳቢያን ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆነው የሚሠሩ፣ ስቴፖቹን (የአሜሪካን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች) አልፈው ኢራስ በሚባለው የማመልከቻ ሲስተም ላይ ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ያመለከቱ ልጆች የመጀመሪያዋ የኢንተርቪው ኢሜይል በገባች ማግስት "ስንት ይበቃኛል?" ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ስንት ዓመት የተለፋበት ነገር ነው፤ በግምት የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቀውን ሁሉ አንድ ቦታ ጻፍኩት።

ባጭሩ ንገረን፤ ስንት ይበቃል?

ከውጭ አገር ተመርቃችሁ፣ ቪዛም የምትፈልጉ ከሆነ፣ በአንድ ስፔሻሊቲ (የሕክምና ዘርፍ) ከ12 እስከ 15 ኢንተርቪው ካላችሁ ደህና ናችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ የመጣውን ሁሉ ግቡ፤ አትምረጡ። ከ15 ካለፈ መምረጥ ጀምሩ።

ስትቆጥሩ ግን የደረሳችሁን ኢሜይል ሁሉ አትቁጠሩ። ብትመደቡ ሻንጣችሁን ይዛችሁ የምትሄዱበትን ብቻ ቁጠሩ። 15 ኢንቪቴሽን ያለው፣ ከነሱ 6ቱ ቪዛ የማይሰጡ ሆነው የተገኙበት ሰው ያለው 9 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩን አይቶ ይረጋጋል፣ የካቲት ላይ ራንክ ሊስት (ፕሮግራሞቹን በምርጫው ቅደም ተከተል የሚደረድርበትን ዝርዝር) ሲሞላ ይደነግጣል።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

አመልካቾችንና የሥልጠና ፕሮግራሞችን በየምርጫቸው የሚያገናኘውን ምደባ የሚያካሂደው ኤንአርኤምፒ የሚባለው ድርጅት ነው። ከ1952 ጀምሮ ይሠራል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በየጊዜው በሚያወጣው ሪፖርት ላይ አመልካቾች በአንድ ስፔሻሊቲ በተከታታይ ስንት ፕሮግራም ራንክ እንዳደረጉና ምን ያህሉ እንደተመደቡ በግራፍ ያሳያል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ሽቅብ ይወጣል። በ1 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ከ10 በኋላ ግን መስመሩ እየተኛ ይሄዳል። ተጨማሪው ኢንተርቪው መጥቀሙ ባይቀርም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ይሄ የእኔ ስሌት ነው፣ የኤንአርኤምፒ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም እናንተን የመውሰድ ዕድሉ ከ5 አንድ ነው እንበል። 5 ኢንተርቪው ከገባችሁ ቢያንስ አንዱ የሚወስዳችሁ ዕድል 67 በመቶ ይሆናል። በ10 ወደ 89 በመቶ ይደርሳል። በ15 ወደ 96፣ በ20 ወደ 99። ከ5 ወደ 10 ስትሄዱ 22 ነጥብ አገኛችሁ፣ ከ15 ወደ 20 ስትሄዱ ግን 3 እንኳ አትሞላም። አሁን ደግሞ ዕድሉን ከ10 አንድ አድርጉት። በ5 ኢንተርቪው 41 በመቶ፣ በ10 65፣ በ15 79፣ በ20 88። ስለዚህ ከተመረቀ ብዙ ዓመት የሆነው፣ ፈተና ወድቆ የደገመ፣ ወይም የአሜሪካ ክሊኒካል ልምድ የሌለው ሰው "10 በቃኝ" ማለት የለበትም። ለእሱ 15ኛውም 18ኛውም ዋጋ አላቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሒሳቡ እያንዳንዱ ኢንተርቪው ለብቻው የቆመ አድርጎ ነው የሚያስበው። በተግባር እንደዚያ አይደለም። "ራስህን አስተዋውቅ" ሲባል የምትንተባተቡ ከሆነ በ15ቱም ላይ ትንተባተባላችሁ። ያልተለማመዱት 20 ኢንተርቪው በደንብ ከተለማመዱት 10 አይበልጥም።

የአገሩን እውነታም እወቁት። በ2025 ምደባ ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የዚያው ዓመት ኤምዲ ተመራቂዎች ከ93 በመቶ በላይ ተመድበዋል። አሜሪካዊ ያልሆኑ፣ ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች ግን 58 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ አንድ የአሜሪካ ተማሪ "ከ10 በላይ አያስፈልግም" ብሎ ከጻፈ ለራሱ ቢጤ ነው የጻፈው። ለእናንተ አይደለም።

2 ብቻ ነው የደረሰኝ። ተስፋ አለው?

አለው። በአንድ ኢንተርቪው ተመድበው የሄዱ ሰዎች አሉ። በየዓመቱም ይኖራሉ።

ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብዙ የደረሳቸው አመልካቾች መሰረዝ ይጀምራሉ፣ ዌይቲንግ ሊስቱ የሚንቀሳቀሰውም ያኔ ነው። ያመለከታችሁባቸው ፕሮግራሞች ዘንድ አዲስ ነገር ካላችሁ ጻፉላቸው። ስቴፕ 3ን (የመጨረሻውን የፈቃድ ፈተና) አልፋችሁ ይሆናል፣ የኢሲኤፍኤምጂ (የውጭ ተመራቂዎችን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ድርጅት) ሰርተፊኬት በእጃችሁ ገብቶ ይሆናል፣ አዲስ የድጋፍ ደብዳቤ መጥቶ ይሆናል። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ 5 ወይም 6 መስመር ይበቃል። ለ80 ፕሮግራም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከመላክ ለ10 ፕሮግራም ለምን እነሱን እንደፈለጋችሁ የሚናገር መጻፍ ይሻላል።

ስልካችሁ ላይ የኢሜይል ድምፅ ክፈቱ። እነሱ ጋ ከቀትር በኋላ ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት ነው። የተለቀቀ ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ሰው ይወስደዋል። በእነዚህ 3 ወራት ስልክ ሳይለንት አድርጎ መተኛት የለም።

18 ደርሶኛል። ሁሉንም ብገባስ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ የእናንተ ነው፤ ትደክማላችሁ። ቀን ዋርድ ላይ ቆይቶ፣ ማታ ካሜራ ፊት ፈገግ ብሎ፣ ሌሊት ስለሚቀጥለው ፕሮግራም ማንበብ ለ3 ወር አይቻልም። የደከመ ሰው ደግሞ ካሜራ ላይ ያስታውቃል። 17ኛው ላይ የፕሮግራሙን ስም ከ14ኛው ጋር ታቀላቅላላችሁ፣ "ለምን እኛን መረጥክ?" ሲሉ የሌላውን ሆስፒታል የሥልጠና ዘርፍ ትጠቅሳላችሁ። ይህ ደግሞ ከራንክ ሊስታቸው ያወጣችኋል።

ሁለተኛው የሌላ ሰው ነው። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኢንተርቪው ወደ ኦንላይን ከዞረበት ከ2020 ወዲህ ለአውሮፕላንና ለሆቴል የሚወጣው ቀረ። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ከድሬ ተነስቶ ኒውዮርክ ደርሶ መመለስ ለአንድ ጂፒ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ወጪው ሲቀር ጥቂት ሰዎች ብዙውን ኢንተርቪው መያዝ ጀመሩ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በዚያው ዓመት መጨረሻ በደብዳቤ ጉዳዩን አንስቶ፣ ብዙ የያዙ አመልካቾች የማይፈልጉትን እንዲለቁ ጠይቆ ነበር።

የኢንተርቪው ቦታ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። እናንተ ፈጽሞ የማትሄዱበትን ፕሮግራም "ለማንኛውም ይኑር" ብላችሁ ስትይዙ ዌይቲንግ ሊስት ላይ ያለው ሰው ይቀራል። ያ ሰው አንድ ዲፓርትመንት አብራችሁ የተማረ፣ ዘንድሮ አንድም ያልደረሰው ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። አቦ፣ እናንተ ጋ 18ኛ የሆነው ለእሱ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው። እውነት የምትሄዱበት ከሆነ 18ቱንም ግቡ፣ ማንም አይወቅሳችሁም። የማትሄዱበትን ግን ዛሬ ልቀቁ።

የቱን ልተው? በምን ልምረጥ?

መጀመሪያ ቪዛ። ይህን ሳታረጋግጡ ስለ ሌላው አታስቡ። አብዛኞቻችን የምንሄደው በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ) ነው። ስፖንሰሩ ኢሲኤፍኤምጂ ነው፤ ከእኛ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ ወይም በምትኩ ዌቨር (ከግዴታው ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ) አለ። ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ስቴፕ 3ን ማለፍ ይጠይቃል፣ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው በሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ የሚል አዋጅ ወጥቶበታል። ዌብሳይታቸው ላይ "ኤች-1ቢ እንሰጣለን" የሚለው ጽሑፍ የድሮ ሊሆን ስለሚችል የፕሮግራሙን ኮኦርዲኔተር (አስተባባሪ) በኢሜይል ጠይቁ። ነውር የለውም። "ጄ-1 ስፖንሰር ታደርጋላችሁ ወይ?" የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። "አይ" ካሉ እዚያው ሰርዙ።

ቀጥሎ የፕሮግራሙ ጤንነት። የቦርድ (የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ) ፈተና የማለፍ መጠናቸውን ተመልከቱ። ሬዚደንቶቻቸው እነማን ናቸው? ከውጭ የተመረቀ አለ? ከአፍሪካ የመጣ አለ? ከ30 ሬዚደንት አንድም የውጭ ተመራቂ የሌለበት ፕሮግራም ኢንቪቴሽን ቢልክላችሁም የመውሰድ ዕድሉ ጠባብ ነው። ካርዲዮሎጂ (የልብ ሕክምና) ወይም ጂአይ (የጨጓራና አንጀት ሕክምና) ለምትመኙ ደግሞ ፌሎውሺፕ (ከሬዚደንሲ ቀጥሎ ያለው ሥልጠና) እዚያው ቤት መኖሩ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከተማው የመጨረሻው ይሁን። ሁሉም ሰው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይፈልጋል፤ ዘመድ አለ፣ እንጀራ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ቅርብ ነው። ይገባኛል። ግን ሚሺጋን ያለን ጥሩ ፕሮግራም ብርዱን ፈርቶ መሰረዝ የሦስት ዓመት ሥልጠናን በአየር ንብረት መመዘን ነው። የድሬን ሙቀት የቻለ ሰው ያንንም ይለምደዋል።

ቪዛ ከማይሰጡት በስተቀር የምትሰርዙት ግን ከ15 በላይ በእጃችሁ ሲኖር ብቻ ነው። 7 ይዞ "የተሻለ ይመጣል" ብሎ አንዱን መተው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

መሰረዝ ካለብኝ መቼና እንዴት?

በተቻለ ፍጥነት። ሁለት ሳምንት ሲቀር ከሆነ በጣም ጥሩ። ከአንድ ሳምንት በታች ከሆነ ሌላ ሰው ለመጥራት ጊዜ ያጥራቸዋል። ሳይናገሩ መቅረት ግን በምንም መንገድ አይደረግም። ስማችሁ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነገ የሚመጣውንም ልጅ ይነካል።

ኢንተርቪው የተያዘበት ሲስተም ላይ ገብታችሁ ሰርዙ፣ ከዚያ ለኮኦርዲኔተሩ አጭር ኢሜይል ላኩ። ሙሉ ስም፣ የማመልከቻ ቁጥር፣ የኢንተርቪው ቀን፣ ምስጋና፣ "ቦታውን ለሌላ አመልካች ለቅቄያለሁ" የሚል። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ታምሜ ነው፣ ዘመድ ሞቶብኝ ነው ብላችሁ አትዋሹ።

ሁለት ስፔሻሊቲ ነው ያመለከትኩት። አንድ ላይ ልደምረው?

አትደምሩት። 6 ኢንተርናል ሜዲሲንና 6 ፋሚሊ ሜዲሲን ያለው ሰው በአንድ ስፔሻሊቲ 12 ካለው ሰው ጋር እኩል አይደለም። የኤንአርኤምፒ ግራፍ የሚቆጥረው በአንድ ስፔሻሊቲ የተከታተለውን ነው። በተግባር ግን 12 በር ተከፍቶላችኋል፣ ትርፍ ነው። ከሁለቱ አንዱ 12 ካለፈና ልባችሁ እዚያ ከሆነ ከሌላው መሰረዝ ትችላላችሁ። ሁለቱም ከ8 በታች ከሆኑ ግን ምንም አትሰርዙ።

የሰዓት ልዩነቱን እንዴት ልያዘው?

ይህ ቀላል መስሎ ሰው ያስቀራል፤ ስለዚህ በደንብ እንየው።

የምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል፣ ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲና ሜሪላንድ ጠዋት 8 ሰዓት ብሎ የጻፈው ኢንተርቪው በኦክቶበር እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ግን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያው ጠዋት 8 ሰዓት እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። ቺካጎና ቴክሳስ ከሆነ 11 ሰዓት። ካሊፎርኒያ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምርና እኩለ ሌሊት አካባቢ ያልቃል። ኅዳር ላይ የሚምታታበት ሰው ብዙ ነው። ስልኩ ላይ 4 ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚል አይቶ በእኛ አቆጣጠር አስቦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካሜራ ከፍቶ ይጠብቃል፣ ወይም የባሰው፣ ማታ 4 ሰዓት ይመጣል።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው እነሱ የጻፉትን ሰዓት፣ በሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ስንት እንደሆነ፣ በሦስተኛው በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቤት ያለ ሰውም ያየዋል፣ "ዛሬ 10 ሰዓት አይደል እንዴ?" ብሎ ያስታውሳችኋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ዋዜማው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከኢንተርቪው በፊት ባለው ምሽት አመልካቾች ከሬዚደንቶች ጋር በኦንላይን እንዲያወሩ ይጋብዛሉ። እነሱ ጋ ምሽት 6 ሰዓት ማለት በክረምታቸው እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለሁሉም አትነሱ። በጣም ለምትፈልጓቸው 4 ወይም 5 ፕሮግራሞች ተነሱ፤ ስለ ፕሮግራሙ እውነቱን የምትሰሙት ከሬዚደንቶቹ ነው። ለሌሎቹ በትህትና ይቅርታ ጠይቁ።

በሳምንት ስንት ልያዝ?

2። ቢበዛ 3። በአንድ ቀን ሁለት በፍጹም።

ዲዩቲ (ተረኛነት) ያለባችሁ ደግሞ የዲዩቲ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ኃላፊያችሁን አናግሩ። ከዲዩቲ በወጣችሁበት ቀን ኢንተርቪው አትያዙ። ቀን ስትመርጡም በጣም የምትፈልጉትን ፕሮግራም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አታስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ገብታችሁ አፋችሁ ከተፈታ በኋላ ይሁን። ወደ መጨረሻም አትግፉት።

በዓላቱንም አስቡ። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19፣ መንገዱም ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ደግነቱ እነሱም የገና ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ኢንተርቪው እምብዛም አይኖርም። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ግን ለእነሱ ተራ የሥራ ቀን ነው። ከዶሮው ፊት ተነስቶ ኢንተርቪው መግባት ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።

መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋብኝስ?

ይህን ሳትዘጋጁ 15 ኢንተርቪው መያዝ ከንቱ ነው። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ከቻላችሁ ዋይፋይ ራውተሩን በባትሪ የምታስነሱበት ነገር አዘጋጁ። ስልካችሁ ላይ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ዳታ ተሞልቶ ይቀመጥ፣ ሆትስፖቱን ከአንድ ቀን በፊት ሞክሩት። የኮኦርዲኔተሩ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ኢሜይል ውስጥ ያለ ቁጥር አይገኝም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ብትቋረጡና ተመልሳችሁ ይቅርታ ብትሉ ማንም አይቀየምም።

የድሬ ልጆች፣ ማራገቢያውን አስቡበት። ጥቅምት ከሰዓት በኋላ ያለ ማራገቢያ ሱፍ ለብሶ መቀመጥ ከባድ ነው። ግን ማይክሮፎኑ ድምፁን ይስበዋል፣ እነሱ ጋ እንደ ነፋስ ይሰማል። ከኢንተርቪው አንድ ሰዓት በፊት ክፍሉን በደንብ አቀዝቅዙና ሲጀመር አጥፉት፣ ወይም ማይክ ያለው ኢርፎን ተጠቀሙ። ከጓደኛ ጋር ደውላችሁ ድምፁን አስቀድማችሁ አሰሙት። መንገድ ዳር ያለ ክፍል ከሆነ የባጃጁ ጡሩምባም አለ፤ ወደ ጓሮ ያለውን ክፍል ምረጡ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ለምትኖሩ፣ በዐስር ሶላትም በመግሪብም አዛን ይሰማል። አትደንግጡ፣ ይቅርታ እየጠየቃችሁም አትቁሙ። ፈገግ ብላችሁ ቀጥሉ። ከጠየቋችሁ ስለ ከተማችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ሌላ የት የት ኢንተርቪው እንዳለኝ ቢጠይቁኝ?

የኤንአርኤምፒ ደንብ ፕሮግራሞች ይህን እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ከጠየቁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። ግን አትጋጩ። "የተለያዩ ፕሮግራሞችን እያየሁ ነው፣ የእናንተን ግን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው" ብላችሁ ወደ ፕሮግራሙ መልሱት። ቁጥር አትጥሩ። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ "አንደኛ ራንክ አድርጌያችኋለሁ" ማለት ትችላላችሁ፣ እውነት ከሆነ። ለሦስት ፕሮግራም እንዲህ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው።

በአካል ና ካሉኝስ?

አንዳንድ ፕሮግራሞች አሁንም በአካል ይጠራሉ። መጀመሪያ "ውጭ አገር ስለሆንኩ በኦንላይን ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካልተቻለ የጎብኚ ቪዛ ክፍያው 185 ዶላር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መመለስ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ የቀጠሮ ወረፋውም ከኢንተርቪው ቀን ሊያልፍ ይችላል። 10 የኦንላይን ኢንተርቪው ላለው ሰው እኔ አልመክርም። በእጁ ያለው ያ ብቻ ለሆነ፣ ቪዛም ላለው ሰው ግን ተበድሮም ቢሆን ይሂድ እላለሁ።

ኢንተርቪው የገባሁበትን ሁሉ ራንክ ማድረግ አለብኝ?

ግዴታ የለም። ግን የማትሄዱበት ካልሆነ በስተቀር ሁሉንም አስገቡ። ዝርዝር ማስረዘም ከላይ ያለውን ዕድላችሁን አይቀንስም። ሲስተሙ የሚሠራው ከአመልካቹ ምርጫ ተነስቶ ነው። መጀመሪያ የእናንተን አንደኛ ይሞክራል፣ ካልሆነ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። አሁን ያለው አሠራር በ1998 ሥራ ላይ ሲውል የመሩት አልቪን ሮዝ በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ "እነሱ የወደዱኝን ላስቀድም" ብላችሁ አትቀምሩ። እናንተ የወደዳችሁትን አስቀድሙ። መሠረታዊው ክፍያ እስከ 20 ፕሮግራም ድረስ ይሸፍናል።

ምደባው ግን ውል ነው። ከተመደባችሁ በኋላ "አልሄድም" ማለት ደንብ መጣስ ነው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከምደባ ሊያግዳችሁ ይችላል።

ለራንኩ እንዲረዳችሁ እያንዳንዱ ኢንተርቪው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደብተር ላይ ጻፉ። ማን አናገራችሁ፣ ሬዚደንቶቹ ደክመው ነበር ወይስ ይስቁ ነበር፣ ስለ ቪዛ ምን አሉ፣ ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ። የካቲት ላይ 13 ፕሮግራም በጭንቅላት ማስታወስ አይቻልም።

የአገር ቤቱን ሬዚደንሲ ጎን ለጎን ልሞክር?

መሞከሩ ጥሩ ነው። በጤና ሚኒስቴር በኩል ያለውን ፈተናና ምደባ ለመውሰድ አትፈሩ። የምትፈርሙት ውል ላይ ያለውን የአገልግሎት ግዴታ ግን ከመፈረም በፊት አንብቡ።

ታኅሣሥ አለቀ፣ አንድም አልመጣም። አሁንስ?

ጥር ላይም የሚመጣ አለ፣ እምብዛም ባይሆን። ኢሜይላችሁን መከታተል አታቁሙ። ኤንአርኤምፒ ላይ ምዝገባችሁን አትተዉት፤ ሳትመዘገቡ ብትቆዩ በመጋቢቱ የሶፕ ዙር መሳተፍ አትችሉም። ሶፕ በምደባው ሳምንት ባዶ የቀሩ ቦታዎች የሚሞሉበት ነው። በኢራስ በኩል እስከ 45 ፕሮግራም ማመልከት ይቻላል። እነሱ ቀድመው ካላነጋገሯችሁ በስተቀር በስልክም በኢሜይልም በዘመድም ማነጋገር ክልክል ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ዲዩቲ አትያዙ፣ ሰነዶቻችሁ ሁሉ ኢራስ ላይ ተጭነው ይጠብቁ፣ ስልክ ሲደወል የምታነሱበት ፀጥ ያለ ክፍል ይኑራችሁ።

ካልሆነም ለሚቀጥለው ዓመት የሚሠራው ሥራ ከዚያው ሳምንት ይጀምራል። ስቴፕ 3 ያልወሰደ ይውሰድ። የአሜሪካ ልምድ የሌለው ኦብዘርቨርሺፕ (የአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ሥራውን እየተመለከቱ መቆየት) ይፈልግ። ማመልከቻውንም አንድ ሌላ ሰው ያንብብለት፤ ቢቻል ተመድቦ የሄደ የዚሁ ከተማ ልጅ።